ክብሪትን ከጣና እርጥበት ማዳን፦ የኪስ ነፍስ አድን ሣጥኔ የደረሰበት

ሣጥኑ በመጨረሻ ውኃ ማስገባት አቆመ። ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ለእጅ እስኪያቃጥል ከጋለ በኋላ ቀዝቃዛ ውኃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ከተትኩትና ድንጋይ ጫንኩበት። እንዲሁ አደረ። ጠዋት ስከፍተው ውስጡ ያስቀመጥኩት ሶፍት ደረቅ ነው። ሶፍቱ ላይ በልጆች ማርከር ያደረግኳት ነጥብም አልተስፋፋችም። ክብሪቱን ጫርኩት፤ ወዲያው ቦግ አለ። በጣም ደስ ብሎኛል። ክረምቱን ሙሉ የታገልኩት ይሄን ለማየት ነው። የደረስኩበትን ላካፍላችሁ፤ በተለይ በጣና ዙሪያ ለምትጓዙ።

የማወራው በጃኬት ኪስ ስለሚያዝ ትንሽ ሣጥን ነው። የጀርባ ቦርሳችሁ ጀልባ ላይ ቢቀር ወይ ገደል ቢገባ እንኳ ከሰውነታችሁ የማይለይ ነገር። ሳይታሰብ ውጭ ለሚታደር አንድ ሌሊት እንዲበቃ ነው የማዘጋጀው። ለሳምንት የሚሆን ሣጥን ኪስ ውስጥ አይገባም፤ ይገባል የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

አጀማመሬ አጭር ነው። ከደቅ ደሴት ስንመለስ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሳና የጀልባው ሞተር ሐይቁ መሃል ጠፋ። ጣናን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ጸጥ ብሎ የዋለ ውኃ ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው። ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ። ኔትወርክ የለም። ፊሽካ የያዘ የለም፣ መስታወት የያዘ የለም፣ ላይተር እንኳ የያዘ አልነበረም። ባለጀልባው ነካክቶ አስነሳውና በሰላም ገባን። ከዚያ ወዲህ ግን ባዶ ኪሴን ከከተማ አልወጣም።

ከዚያ ከኢንተርኔት ዝርዝር አወረድኩ። የዓሣ መንጠቆና ናይለን፣ የወጥመድ ሽቦ፣ የሽቦ መጋዝ፣ ኮምፓስ፣ ክብሪት፣ ሻማ፣ ምላጭ። ብዙዎቻችሁም ከዚሁ የጀመራችሁ ይመስለኛል። እነዚህ ዝርዝሮች የተጻፉት ለሳምንታት የሰው ዘር ለማይታይበት ጫካ ነው። እኛ አገር እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ ግማሹን አወጣሁት፤ ዛሬም ይቆጨኛል አልልም።

መንጠቆው መጀመሪያ ወጣ። ሰው አንድ ሌሊት ጦሙን ቢያድር ምንም አይሆንም። ጨለማ ላይ ዓሣ ላጥምድ ብሎ ሐይቁ ዳር መቀመጥ ግን፣ በተለይ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ፣ ለግጦሽ ከሚወጣ ጉማሬ ጋር ያገናኛል። የወጥመድ ሽቦውም ተከተለ፤ አውሬ የማጥመድ ሐሳብም ፍላጎትም የለኝም። የሽቦ መጋዙ እርጥብ እንጨት ላይ ይያዝና ይበጠሳል። ኮምፓስ ላይ ብዙ ሰው እንደሚቃወመኝ አውቃለሁ። ግን እስቲ አስቡት። በባሕር ዳር በኩል ከሆናችሁ ሐይቁ በስተሰሜን ነው። ዘጌ የቡና ጫካ ውስጥ አቅጣጫ ቢጠፋችሁ፣ ልሳነ ምድር ስለሆነ ቁልቁል ብትወርዱ ሐይቁን ታገኛላችሁ፤ ከዚያ ዳር ዳሩን ይዞ ወደ ገዳም ወይ ወደ መንደር መድረስ ነው። ጢስ ዓባይ በኩል ደግሞ ወንዙ ራሱ መንገድ ይመራል። ኮምፓስ የሚያስፈልገው ደጋ ላይ፣ ጉም ሲወርድ ነው። ለሐይቁ ዳር ጉዞ ቦታዋን ለፊሽካ ብትለቅ ይሻላል።

እነዚህ ሲወጡ ሣጥኑ ውስጥ አራት ነገር ቀረ፦ እሳት፣ ውኃ፣ ሰው መጥሪያና ቁስል ማሰሪያ። ሦስቱ ብዙ አላስቸገሩኝም። እሳት ነው ያስቸገረኝ።

ባሕር ዳር ሞቃት ከተማ ስለሆነች እሳት ትርፍ ነገር የሚመስለው ሰው አለ። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በክረምት ልብሳችሁ ርሶ፣ ነፋስ እየነፈሰባችሁ ብታድሩ ሰውነት ሙቀቱን ያጣል። ለዚህ የግድ በረዶ መጣል የለበትም። እሳት ደግሞ ውኃ ያፈላል፣ ትንኝ ያባርራል፣ በሌሊት ከሩቅ ይታያል። ስለዚህ ቀዳሚው ነገር ደረቅ እሳት ነው ብዬ አምናለሁ።

የእኛ ክብሪት ደግሞ እርጥበት አይወድም። የብዙ ሰው ሐሳብ እንጨቷ ላይ ነው፤ የባሰው ችግር ያለው መጫሪያው ላይ ነው። ተራ ክብሪት የትም ቢጫር አይነድም። በካርቶኑ ጎን ያለው ቡናማ መስመር ቀይ ፎስፈረስ አለበት፤ እሳቱን የሚያስነሳው ያ ነው። እርጥበት ሲያገኘው ይላላል፣ ጥፍር ሲነካው ይላጣል። ያኔ ክብሪቷ ደረቅ ብትሆንም ዋጋ የላትም። ባሕር ዳር ደግሞ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ነው። ክረምት ላይ ውኃ ሳይነካው እንኳ መሳቢያ ውስጥ የከረመ ክብሪት ይለግማል።

ክብሪቷን ሻማ ውስጥ መንከር የሚባል ምክር አለ። ሠርቼው አይቼዋለሁ፤ አልወደድኩትም። ሰሙ ከጭንቅላቷ ላይ በደንብ ካልተፋቀ መጫሪያው ላይ ይለጠፍና ቀጣዮቹንም ያበላሻል። ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ይሻላል። ጭንቅላቷንና ከሥሯ ትንሽ እንጨት ነክራችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አድርቁ። ሽፋኑ ስስ ነው፤ ሲጫር ይቀደድና ይነዳል። መጫሪያውን ቆርጣችሁ ለብቻው ስስ ፌስታል ውስጥ ጠቅልሉት። ከክብሪቶቹ ጭንቅላት ጋር ፊት ለፊት እንዳታስቀምጡት፤ ኪስ ውስጥ ሲፋተግ እሳት ሊነሳ ይችላል።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ሣጥኑ ውኃ የሚያስገባ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። ክረምቱን የጨረስኩት እዚህ ላይ ነው።

የእኔ ሣጥን የከረሜላ ቆርቆሮ ነው፤ ክዳኑ በማጠፊያ የተያያዘ፣ መዳፍ የሚሞላ። ጓደኛዬ ፕላስቲክ ትወዳለች። ጎማ ያለው ትንሽ የምሳ ዕቃ ነው የምትይዘው፤ እውነቱን ለመናገር ውኃ በመከላከል የሷ ይበልጣል። እኔ ቆርቆሮን የሙጥኝ ያልኩት እሳት ላይ ስለሚጣድ ነው። ሁለት ጉንጭ ውኃም ቢሆን አፍልቶ መጠጣት ይቻላል። መጀመሪያ ግን ባዶውን እሳት ላይ አድርጋችሁ ቀለሙን አቃጥሉት፤ ውጭ ሆናችሁ፣ ጢሱን ሳትስቡ።

ቆርቆሮው የሳፋውን ፈተና አንዳንዴ ያልፋል፣ አንዳንዴ ይወድቃል። ያበሳጨኝ ይሄ ነው። በፕላስተር ጠቀለልኩት፤ ማታ ቤት ውስጥ ስፈትነው ደረቅ ነበር። ጀልባ ላይ ይዤው ወጥቼ ማዕበል ሲረጨው ግን ውስጡ ላብ ላብ ብሎ ተገኘ። ፕላስተሩን አበዛሁት፤ ያው ነው። የፕላስተር ሙጫ እርጥበት ላይ ሲቆይ ጠርዙ ይነሳል። አንዴ ከተከፈተ ደግሞ መልሶ አይለጠፍም።

መፍትሔው ከጎሚስታ ተገኘ። ባሕር ዳር የብስክሌትና የባጃጅ ከተማ ስለሆነች የጎሚስታ ችግር የለባትም። ሰፈሬ ያሉት ሰው በዕድሜ የገፉ ናቸው። አሮጌ ከመነዳሪ፣ ማለትም አየር የሚሞላበትን የውስጥ ጎማ፣ ቆርጬ ላስርበት አስቤ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ አሮጌ ከመነዳሪ ይኖርዎታል?»

«ለምንሽ ነው ልጄ?»

ሣጥኑን አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩት፤ ማጠፊያውን በጥፍራቸው ነካኩት።

«ውኃው በየት በኩል እንደሚገባ አውቀሻል?»

«አላወቅኩም።»

«ታዲያ ሳታውቂ ምኑን ልትጠግኚ?»

ጎማ የሚፈትሹባት ሳፋ ነበረች፤ ውኃዋ የጠቆረ። ልጁን ልከው ከሻይ ቤት የፈላ ውኃ አስመጡና ጨመሩበት። ሣጥኑን ባዶውን ዘግተው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው አጠለቁት። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ከማጠፊያው ሥር ሁለት ቀጭን የአረፋ መስመር ተነሳ። ጎን ለጎን፣ ሳይቋረጥ ይወጣል። ከአንዱ ማዕዘን ደግሞ አልፎ አልፎ አንዲት አረፋ ትወጣለች። ሌላው ዙሪያ ዝም ነው።

«አየሽ፣ አየር የሚወጣበት ውኃ የሚገባበት ነው» አሉኝ።

ነገሩ ሁሉ ያኔ ተገለጠልኝ። ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ይሰፋና በቀዳዳው ይወጣል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይጠባና ከውጭ ይስባል። ጀልባ ላይ ቀትር ፀሐይ ሣጥኑን ያግለዋል። ከዚያ ቀዝቃዛ የሐይቅ ውኃ ሲረጨው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውኃውን በማጠፊያው ቀዳዳ ስቦ ያስገባል። ማታ ቤት ውስጥ የተፈተነ ሣጥን ግን ከሳፋው ውኃ ጋር እኩል ቀዝቃዛ ስለሆነ የሚስበው ነገር የለም። ስለዚህ ቀዝቃዛ ሣጥን በቀዝቃዛ ውኃ የፈተነ ሰው ገና አልፈተነም። መጀመሪያ አሙቁት፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ክተቱት። ፕላስቲክ የምትይዙም ጭምር።

ከዚያ ወደ ጥገናው ገባን። የቆርቆሮው ማጠፊያ የተሠራው ክዳኑ ላይ ሁለት ቀዳዳ ተቆርጦ ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣም ክፍት ነው። ዙሪያውን በጎማ ብታስሩት እንኳ ማጠፊያው ወጣ ስለሚል ጎማውን ከፍ ያደርገዋል፤ በግራና በቀኙ ትንሽ መንገድ ይቀራል። ጋሼ ያሳዩኝ ዘዴ ከማጠፊያው ግራና ቀኝ ትንንሽ ቁራጭ ጎማ ለጥፎ ማስተካከል ነው። እብጠቱ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ያደርጋል።

የማጣበቁ ነገር ጥበብ አለው። ጎማውን በብርጭቆ ወረቀት አሹት፤ አብረቅራቂው ገጽ እስኪጠፋ። አዲስ ከመነዳሪ ከሆነ ውስጡ ያለውን ነጭ ዱቄት እጠቡና አድርቁ። ቆርቆሮውንም አሹት። ማስቲሹን በሁለቱም ገጽ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከዚያ ጠብቁ። አብዛኛው ሰው የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው። እርጥብ እያለ ከተጫነ ለዛሬ ይይዝና ነገ ይለቃል። በጣት ጀርባ ሲነካ የማይቀባ፣ ግን ትንሽ የሚይዝ ሲሆን ያኔ አጋጥማችሁ በኃይል ተጫኑት። የምትሠሩት አየር ባለበት ቦታ ይሁን፤ ሽታው ጥሩ አይደለም።

በላዩ ላይ ከባጃጅ ከመነዳሪ የተቆረጠ ቀለበት ይገባል። ወርዱ ሁለት ጣት ተኩል ቢሆን ጥሩ ነው፤ የክዳኑን መገጣጠሚያ ከላይም ከታችም መሸፈን አለበት። ሲወጠር በግድ የሚገባ መሆን አለበት። በቀላሉ ከገባ ልል ነው፤ ጣሉት። የብስክሌት ከመነዳሪ ለዚህ ሥራ ይጠባል። እኔ ጋ የሣጥኑ ማሰሪያ የባጃጅ፣ የውስጡ ከረጢት የብስክሌት ነው።

የውስጡን ከረጢት ልንገራችሁ፤ የምወደው ክፍል እሱ ነው። ከብስክሌት ከመነዳሪ አንድ ጣት ከክብሪት የሚረዝም ቁራጭ ውሰዱ። አንዱን ጫፍ ውስጡን አሽታችሁ በማስቲሽ አጣብቁ፤ ከዚያ አንዴ አጥፋችሁ እንደገና አጣብቁት። ክብሪቶቹንና የተጠቀለለውን መጫሪያ ክተቱ። ክፍቱን ጫፍ ጠቅልላችሁ ከዚያው ጎማ በተቆረጠ ቀለበት እሰሩት። ሣጥኑ ሙሉ በሙሉ ውኃ ቢሞላ እንኳ ክብሪቱ ደረቅ ነው። ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፤ ጋሼ አሮጌውን ጎማ በነፃ ሰጡኝ፣ የማስቲሹን ብቻ ከፈልኩ።

ከመነዳሪ ራሱ እሳት መለኮሻ ነው። ርሶም ይነዳል። ቀጭን አድርጋችሁ ከቆረጣችሁት ክብሪት ይይዘዋል፤ እርጥብ ጭራሮ እስኪደርቅ ድረስ ይቆይላችኋል። ጢሱ ጥቁርና መጥፎ ስለሆነ ግን ለማስነሻ ብቻ ይሁን። በእሱ እሳት ላይ ምግብ አትጥበሱ፤ ዋሻ ወይ ድንኳን ውስጥም አታንዱት። ቀለበቱ ደግሞ ፋሻ ያስራል፣ የተበጠሰ የጫማ ክር ይተካል፣ የውኃ ጠርሙስ ከወገብ ጋር ያይዛል። እስካሁን እዚህች ትንሽ ሣጥን ላይ ከተጨመረው ነገር ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ጥሩ መለኮሻ ነው፤ ሁሉም ይመክረዋል፣ እኔም እይዛለሁ። ቫዝሊን ግን የነዳጅ ዘይት ውጤት ነው፤ ጎማ ሲነካ ጎማው ያብጥና ይላላል። ስለዚህ ከጎማው ለይታችሁ ያዙት። ጥጡን ስትሮ ውስጥ ጠቅጥቁና ሁለቱን ጫፍ በእሳት አቅልጣችሁ በጉጠት ቆንጥጡት። ስትፈልጉ በምላጭ ሰንጥቃችሁ ጥጡን በተን አድርጉት። የሣጥኑን ዙሪያ በቫዝሊን ልድፈነው የምትሉም ይሄንኑ አስቡ።

ሻማን ደግሞ በጧፍ ተክቻለሁ። ጊዮርጊስ አካባቢ ከሚሸጡት ገዝቼ በሣጥኑ ልክ ቆርጬ እይዛለሁ። ሻማ ኪስ ውስጥ ይሰባበራል፤ ጧፍ ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም። ንጹሕ ሰም የሚቀልጠው ከ60 ዲግሪ በላይ ስለሆነ በኪስ ሙቀት አይሟሟም። አሁን አሁን ፓራፊን የተቀላቀለበት ስላለ አሽትቱት፤ የማር ሽታ ካለው ጥሩ ነው። ክርም በእሱ ታሽቶ ይጠነክራል።

ላይተርም ይኑር፤ ግን በድንጋይ የሚጭረውን ምረጡ። በቁልፍ ቀጭ የሚለው እርጥበትና ከፍታ ላይ ያስቸግራል። በድንጋይ የሚጭረው ጋዙ ቢያልቅ እንኳ ብልጭታው አለ፤ ደረቅ የጥጥ ብናኝ ያያይዛል። ያች ትንሽ ድንጋይ ፌሮሴሪየም የሚባል ቅይጥ ናት። ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ የሚባል ኦስትሪያዊ ነው በ1903 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው። ወፍራሙ የብልጭታ ዘንግም ከዚሁ የሚሠራ ነው። ዘንጉን ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ መልካም። ከሌለ አትጨነቁ፤ ክብሪትና ላይተር ደረቅ ከሆኑ ይበቃሉ።

እርጥበትን ለመሳብ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የሚገኙትን ትንንሽ ከረጢቶች እጠቀማለሁ። አንድ ይበቃል። ክረምት ላይ ሣጥኑን የምትዘጉት ዝናቡ ሲያባራና ፀሐይ ስትወጣ ይሁን። ጤዛ ባለበት ጠዋት ከዘጋችሁት ያንኑ እርጥበት አብራችሁ ዘጋችሁት። የፎገራ ሩዝ ቆልቼ የሞከርኩበት ጊዜ ነበር። ይረዳል፤ ግን ቦታ ይይዛል፣ ቶሎም ይጠግባል።

የቀረውን በፍጥነት ልበል።

ውኃ። የጣናን ውኃ ዝም ብላችሁ አትጠጡ፤ ዓባይንም። የክሎሪን ኪኒን ይዣለሁ። ጥንካሬው ይለያያል፤ ለ20 ሊትር የተሠራውን አንድ ጠርሙስ ውስጥ እንዳትጨምሩ፣ ከላስቲኩ ላይ አንብቡ። ውኃው ከደፈረሰ መጀመሪያ በታጠፈ ነጠላ አጥልሉት፤ ክሎሪን ድፍርስ ላይ ይደክማል። ከዚያ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ክሎሪን የማይገድላቸው ተህዋስያን ስላሉ ማፍላት ከተቻለ ማፍላት ይሻላል። በባሕር ዳር ከፍታ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ሦስት ደቂቃ አድርጉት። ቢልሃርዚያ ግን በመጠጥ ብቻ የሚመጣ አይምሰላችሁ፤ ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው። ደንገልና ሣር የበዛበት ጥልቀት የሌለው ዳር ላይ እግር መንከር ዋናው መንገዱ ነው። እዚያ ላይ ሣጥኑ ምንም አያደርግላችሁም። ከነካችሁ በኋላ ሐኪም ቤት ሄዶ መመርመር ነው፤ መድኃኒት አለው።

አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (ተቅማጥ ሲይዝ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን) ሳትይዙ አትውጡ። ለአንድ ሊትር ውኃ ነው። ከሌለ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ማንኪያ ጨው ለአንድ ሊትር። ተቅማጥ ሜዳ ላይ ከያዘ ከረሃብ ይልቅ ቶሎ ይጥላል። ከመንጠቆና ከወጥመድ ሽቦ በፊት ይሄ መግባት ነበረበት እላለሁ፤ በእነዚያ ዝርዝሮች ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ፊሽካ። ከስፖርት ዕቃ ሱቅ፣ ውስጡ ኳስ የሌለው ቢሆን ይመረጣል፤ ኳስ ያለው ውኃ ሲገባው ይታፈናል። ሦስት ጊዜ ንፉ፣ ዕረፉ፣ ድገሙት። በእኛ አገር «የሰው ያለህ» ብሎ የጮኸን ሰው ዝም የሚል ገበሬ የለም። ድምፅ ግን ቶሎ ይዘጋል፤ ፊሽካ አይደክምም። ሣጥኑ ውስጥ አታስቀምጡት። አንገታችሁ ላይ ይሁን፤ ሐይቅ ውስጥ የወደቀ ሰው ሣጥን አይከፍትም። ጀልባ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ከፊሽካውም ከሣጥኑም በፊት የነፍስ አድን ጃኬት ይቅደም፤ ጠይቁ፣ ከሌለ አትሳፈሩ።

መስታወት ትንሿ ትበቃለች። አንድ እጃችሁን ዘርግታችሁ ሁለት ጣት ክፈቱ፤ የምትጠሩት ጀልባ በጣቶቹ መሃል ይታያችሁ። ከዚያ የመስታወቱን ብርሃን ጣቶቻችሁ ላይ አሳርፉና ወዝወዝ አድርጉት። ሐይቅ ላይ በፀሐይ ቀን ከጩኸት ይልቅ ርቆ ይደርሳል።

ፋሻ፣ ፕላስተር፣ መርፌ፣ በሰም የታሸ ክር፣ በካርቶን የተጠቀለለ ምላጭ። ሌላኛው ኪሴ ውስጥ ታጥፎ የሚቀመጥ ትልቅ ላስቲክ አለ፤ ለዝናብ። እሱ ሣጥን ውስጥ አይገባም፤ ሳልይዘው ግን አልወጣም። በትንሽ ፌስታል የተቋጠረ በሶም አለ። በውኃ በጥብጦ መጠጣት ነው። የጥንቱ መንገደኛ ስንቅ ሆኖ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እሳት አይፈልግም፣ አይበላሽም።

እስካሁን ያልፈታሁት ብርሃን ነው። ትንሿ የቁልፍ ማንጠልጠያ ባትሪ እርጥበት ሲያገኛት ድንጋዮቿ ያዥጋሉ። አሁን ድንጋዮቹን አውጥቼ ለብቻ በፌስታል ይዣለሁ። ጨለማ ውስጥ፣ በቀዘቀዘ ጣት፣ እነዚያን ትንንሽ ድንጋዮች ቦታቸው መመለስ ቀላል አይደለም። በድንጋዮቹ መሃል ወረቀት አስገብቶ መተው ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ቀጥሎ የምፈትነው እሱን ነው።

ሌላው ደግሞ ብርድ ነው። ጥቅምት ላይ ወደ ጉና ለመውጣት አስቤያለሁ፤ እዚያ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። የላይተር ጋዝ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ስለሚያቆም በብብት ማሞቅ እንዳለበት አውቃለሁ። ማስቲሽና ጎማው ብርድ ላይ እንዴት እንደሚሆኑ ግን ከሄደ ሰው መስማት እፈልጋለሁ። ጉና ወይም ጮቄ ላይ ያደራችሁ ካላችሁ፣ ምን ይዛችሁ እንደወጣችሁና ምኑ እምቢ እንዳላችሁ ጻፉልኝ። የሣጥን ቀለበት የቸገራችሁ ባሕር ዳር ያላችሁም ንገሩኝ፤ ከባጃጁ ከመነዳሪ ገና ብዙ ተርፎኛል።